በካራቫን ምንጣፍ ሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፦ አመራረጥ፣ አዘረጋግና አጠቃቀም

ብርድ በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣልኛል። «ሂተሩ ሲሠራ ያድራል፣ ፊታችን ይሞቃል፣ እግራችን ግን በረዶ ነው። ያንን ምንጣፍ ሥር የሚዘረጋ የኤሌክትሪክ ነገር እንግዛ ወይ?» ጠያቂዎቹ እንደኔው እንግሊዝ አገር የሚኖሩ፣ ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ማረፊያ ቤት) ያላቸው ወይም ከወዳጅ ተውሰው የሚወጡ ሰዎች ናቸው። ለሁሉም በስልክ ከማስረዳት እዚህ ልጻፈው።

ግዙ። ግን ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ዐውቃችሁ ግዙ። የካራቫን ወለል ማለት በሁለት ስስ ኮምፔንሳቶ መሐል የተጣበቀ ፎም ነው። ከሥሩ ነፋስ ይመላለሳል። የሂተሩ ሙቀት ደግሞ ወደ ጣሪያ ይወጣል። ስለዚህ እግር ቢበርድ አይገርምም። ምንጣፍ ሥር የሚዘረጋው ማሞቂያ ይህን ቅዝቃዜ ይሰብራል። ካራቫኑን ግን አያሞቅም። በብርድ ወራት አንድ ካራቫን ለማሞቅ ከ1000 እስከ 2000 ዋት ይፈልጋል፤ ይህ ማሞቂያ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ዋት ነው። የውኃ ቧንቧ እንዳይቀዘቅዝም አያደርግም። ጥቅሙ እግር ሲሞቅ ሂተሩን ዝቅ ማድረግ መቻሉ ነው።

እዚህ የምጽፈው በስፒና ስለሚሰካው፣ ሳይጣበቅ ስለሚዘረጋውና ተጠቅልሎ ስለሚነሣው ዓይነት ነው። ከፕላስቲክ ወለሉ ሥር ተጣብቆ ከካራቫኑ የመብራት መስመር ጋር በቋሚነት የሚያያዝ ሌላ ዓይነት አለ። እሱን ለካራቫን ኤሌክትሪሺያን ተዉት። የእንግሊዝ የኤሌክትሪክ ደንብ፣ ቢኤስ 7671፣ ለካራቫን ብቻ የተለየ ክፍል (721) ያለው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በ230 ቮልት የሚሠራ፣ ምንጣፍ ሥር ለመጠቀም የተፈቀደ ማሞቂያ። ቴርሞስታት ወይም ሲግል ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ያለው ይሁን
- በአንድ በኩል ፎይል ያለው ስስ የፎም ንጣፍ፣ የማሞቂያው አምራች ከፈቀደ
- ሜትር፣ ትልቅ ወረቀት ወይም የተቆራረጠ ካርቶን፣ መቀስ
- ሲላጥ ሙጫ የማይተው ፕላስተር
- ትንሽ ቴርሞሜትር። ሽቦ ያለው ቢሆን ይመረጣል
- ሶኬት ላይ ተሰክቶ የመስመሩን ደኅንነት በመብራት የሚያሳይ መሞከሪያ
- ቫኪዩም ወይም ጥሩ መጥረጊያ

1. መጀመሪያ ወለሉን መርምሩ

ምንጣፉን አንሡና ባዶ እግራችሁን በወለሉ ላይ ሂዱ። ተረከዛችሁን ጫን ጫን አድርጉ። በተለይ በሩ አጠገብ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ፊት ለፊትና መታጠቢያ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ደጋግማችሁ ሞክሩ። ወለሉ እንደ ስፖንጅ ከረገበ ወይም ከተንሿሿ ኮምፔንሳቶው ከፎሙ ተላቋል ማለት ነው። እርጥበት ከሸተታችሁ ደግሞ ውኃ እየገባ ነው።

ሁለቱም ከማሞቂያው በፊት መጠገን አለባቸው። እርጥብ ወለል ላይ ሙቀት ስትጨምሩበት ውኃው አይጠፋም። ተንኖ ምንጣፉና ፕላስቲኩ መሐል ይታፈንና ሻጋታ ያበቅላል። የተላቀቀ ወለል ደግሞ በረገጣችሁት ቁጥር ስለሚታጠፍ በላዩ ያለውን ማሞቂያ አብሮ ያጥፈዋል።

2. ምንጣፉን ገልብጡት

የብዙ ካራቫኖች ምንጣፍ ተነሺ ነው፤ ጠቅ በሚሉ ቁልፎች ብቻ ከወለሉ ጋር ይያያዛል። ጀርባውን እዩ። ጨርቅ ከሆነ ጥሩ ነው። ጎማ ከሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጎማ ሙቀት ያፍናል፣ ሲሞቅ ይሸታል፣ ፕላስቲክ ወለሉንም በማይለቅ ቢጫ ቀለም ያበላሻል።

ውፍረቱም ወሳኝ ነው። ብዙ የወለል ማሞቂያ መመሪያዎች ምንጣፉና ሥሩ ያለው ስፖንጅ ተደምረው ከ2.5 ቶግ እንዳይበልጡ ይጠይቃሉ። ቶግ የጨርቅ ሙቀት የመያዝ ዐቅም መለኪያ ነው፤ ብርድ ልብስ ስትገዙ ያያችሁት ቁጥር ነው። የገዛችሁት ማሞቂያ ከዚህ ዝቅ ያለ ቁጥር ከጻፈ የሱን ተከተሉ። ከቤት የመጣ ወፍራም የሱፍ ምንጣፍ ከላይ መደረብ ይቅር። ሙቀቱ ወደ እናንተ መውጣቱን ትቶ ወደ ታች ይሄዳል፣ ማሞቂያውም ይግላል።

የቁልፎቹን ቦታ ምልክት አድርጉ። ማሞቂያው በቁልፍ ላይ መተኛት የለበትም። የብረቱ ጫፍ በእግር ሲረገጥ ስሱን ሽፋን ይበሳዋል።

3. ለኩ፣ የጋዝ ማስወጫ ቀዳዳዎቹንም ፈልጉ

የካራቫን ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ካፈሰሰ ወለል ላይ ይተኛል። ለዚህ ተብሎ በወለሉ ላይ በመረብ የተሸፈኑ ቀዳዳዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በምድጃው፣ በፍሪጁና በሂተሩ አካባቢ ወይም በቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው። ነፋስ ስለሚያስገቡ «ብርዱ የሚመጣው በዚህ ነው» ብለው በጨርቅ የሚደፍኗቸው ሰዎች አሉ። አታድርጉት! ማሞቂያው፣ ፎሙም ሆነ ምንጣፉ እነዚህን ቀዳዳዎች አይሸፍን።

ከዚያ መተላለፊያውን ለኩ። ከሶፋውና ከቁም ሳጥኑ እግር 5 ሳንቲሜትር ያህል ራቁ። የሳጥን በር ሲከፈት ምንጣፉን የሚፈትግበትን፣ የጠረጴዛው እግር የሚቆምበትን ቦታ ዝለሉ። በወረቀት ወይም በካርቶን የማሞቂያውን ቅርጽ ቆርጣችሁ ወለሉ ላይ አስቀምጡትና ቀኑን ሙሉ እንደወትሮው ተመላለሱበት። ወረቀቱ የተቀደደበት ቦታ ማሞቂያውም የሚጎዳበት ቦታ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ትልቁን ይገዛና ጠርዙን ለማጠፍ ይገደዳል።

መላውን ወለል መሸፈን አያስፈልግም። እግር የሚያርፍበት፣ ሶፋዎቹ መሐል ያለው ቦታ ይበቃል። 60 በ200 ሳንቲሜትር የሆነ ማሞቂያ በካሬ ሜትር 120 ዋት ቢሆን 144 ዋት ይወስዳል ማለት ነው።

4. ዋቱን ደምሩ

ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ሌላው ሁሉ ሲደመርበት ነው። እንግሊዝ ውስጥ የካምፕ ሳይት መብራት ብዙውን ጊዜ 16 አምፔር ነው፤ 10 የሆነባቸውም አሉ። ወደ ፈረንሳይ ወይም ወደ ጣሊያን ስትሻገሩ 6 አምፔር ብቻ ልታገኙ ትችላላችሁ። አምፔሩን በ230 አባዙት፦

- 16 አምፔር፦ 3680 ዋት
- 10 አምፔር፦ 2300 ዋት
- 6 አምፔር፦ 1380 ዋት

አሁን የምሽቱን ወጪ ደምሩ። ሂተሩ በኤሌክትሪክ ዝቅተኛው ላይ 1000፣ ፍሪጁ ወደ 150፣ የባትሪው ቻርጀር ወደ 150፣ የወለል ማሞቂያው 150። ድምሩ 1450 ነው። በ6 አምፔር ሳይት ገና ቡና ሳይታሰብ አልፋችኋል። እዚያ ሂተሩን በጋዝ አድርጉት።

በ10 አምፔር 850 ዋት ይተርፋችኋል። ጀበናዋ የምትጣድበት የኤሌክትሪክ ስቶቭ 1000 ዋት ከሆነ 2450 ይመጣል። ብሬከሩ በትንሽ ስታልፉት ወዲያው አይወርድም፤ ለዚህ ነው ሰው «ሠርቷል» ብሎ የሚዘናጋው። የውኃ ማሞቂያው ወይም ኬትሉ የተጨመረ ለታ ግን ጠቅ ይላል፣ የካራቫኑ የ230 ቮልት መስመር በሙሉ ይቋረጣል። ቡና እስኪፈላ ሂተሩን ወደ ጋዝ ማዞር ነው መፍትሔው። የወለል ማሞቂያውን ማጥፋት ብዙ አያተርፍም፤ 150 ዋት ብቻ ነው።

የቤት ኬትል እስከ 3000 ዋት ይወስዳል። ለካራቫን ተብሎ የሚሸጠውን፣ ከ1000 ዋት የማይበልጠውን ያዙ።

5. ስትገዙ ይህን እዩ

መመሪያው ላይ «ምንጣፍ ሥር» መባሉን አረጋግጡ። ለሰድር ወይም ለላሚኔት ወለል የተሠራ ማሞቂያ ላላ ተደርጎ ምንጣፍ ሥር አይዘረጋም፤ ሰው ሲረግጠው እንዲታጠፍ አልተሠራም። ለካራቫን ይሆን እንደሆነም ሻጩን ጠይቁ። የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስን ወይም የዕፅዋት ማሞቂያን ምንጣፍ ሥር መክተት ርካሽ ሊመስል ይችላል፤ እሳት ነው።

ከለካችሁት ወለል የሚበልጠውን ገዝቶ መቁረጥም አይቻልም። አንዳንዱ እንደ ፊልም የሳሳ ማሞቂያ የመቁረጫ መስመር ቢኖረውም የተቆረጠው ጫፍ እንደገና መታሸግ አለበት፤ ያ ደግሞ የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው። በልኩ የተሠራውን ግዙ።

ስፒናው ውስጥ ያለውን ፊውዝ እዩ። 3 አምፔር ፊውዝ እስከ 690 ዋት ስለሚሸከም ለዚህ ዓይነቱ ማሞቂያ ይበቃል። አምራቹ 3 ካለ፣ 13 አታድርጉበት። ሽቦው ቢጎዳ መጀመሪያ መቃጠል ያለበት ፊውዙ ነው።

6. ከመዘርጋታችሁ በፊት ሞክሩት

ከካርቶኑ አውጡትና ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አሳድሩት። በብርድ የደረቀ ፕላስቲክን በግድ መዘርጋት ውስጡን ይሰነጥቃል። በማግስቱ ሰክታችሁ በመመሪያው ላይ ለተጻፈው ጊዜ ብቻ አብሩትና በመዳፋችሁ ዳስሱት። ሙቀቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን አለበት። አንድ ቦታ ቀዝቃዛ ወይም የሚያቃጥል ከሆነ መልሱት። ከተዘረጋ በኋላ ከምታገኙት አሁን ማግኘቱ ይሻላል።

7. ዘርጉት

ወለሉን ጥረጉ፣ ከዚያ ደግማችሁ ጥረጉ። ከባሕር ዳርቻ በጫማ የመጣች ጠጠር በሰው ክብደት ሥር ምን እንደምትሠራ ለማወቅ የማሞቂያውን ጀርባ ማየት ይበቃል፦ መጀመሪያ ነጭ ነጥብ፣ ቀጥሎ ቀዳዳ።

አምራቹ ከፈቀደ ፎሙን ከታች አድርጉ። ያለሱ የሙቀቱ ክፍል በቀጥታ ወደ ቀዝቃዛው ወለል ይሄዳል። በላዩ ማሞቂያውን፣ የላዩ ገጽ ወደ ላይ ሆኖ፣ ሳይጨማደድና ሳይደራረብ ዘርጉ። ሁለት ማሞቂያ ከገዛችሁ ጠርዛቸው አይነካካ። የተደራረበው ቦታ ሙቀቱ ስለሚታፈን ነው።

ዳሩን በፕላስተር ያዙት። ያለዚያ ሰው ሲመላለስ ቀስ በቀስ ይሸራተትና ይታጠፋል። ምስማርና ስቴፕለር የለም። ቴርሞስታቱ የወለል ሴንሰር ካለው መመሪያው ባለው ቦታ፣ ሰው የማይረግጥበት መሆኑን አይታችሁ አስቀምጡት።

8. ሽቦውን በዳር አሳልፉት

ሽቦው ከማሞቂያው የሚወጣበት ወፍራም ጫፍ በጣም የሚጎዳው ቦታ ነው። ሶፋው ጥግ ይሁን እንጂ መሐል መንገድ ላይ አይሁን። ከዚያ በሶፋው እግር ዳር ዳሩን ወደ ሶኬት ውሰዱት። በበር ሥር አታሳልፉት። መቆጣጠሪያው እጅ የሚደርስበትና በትራስ የማይሸፈንበት ቦታ ይሁን፤ ሲሸፈን የራሱን ሙቀት እየለካ ይሳሳታል።

በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኩት። ማሞቂያው፣ ስቶቩና ኬትሉ በአንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተው አይቻለሁ። ዲቫይደሩ ቀልጦ ነበር።

9. ከሳይቱ መብራት ጋር ማገናኘት

ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩ።

ሀ. ካራቫኑ ውስጥ ያለውን ዋና ማብሪያ አጥፉ፤ ዕቃ ሁሉ የጠፋ ይሁን።
ለ. ገመዱን ከመጠቅለያው ሙሉ በሙሉ ፍቱት። ተጠቅልሎ ብዙ አምፔር ሲያልፍበት ይግላል፣ ሽፋኑም ይቀልጣል።
ሐ. መጀመሪያ ካራቫኑ ላይ ሰኩ፣ ቀጥሎ የሳይቱ ምሰሶ ላይ። እንዲህ ሲሆን መብራት ያለበትን ጫፍ ይዛችሁ ሣር ላይ አትሄዱም። ስትነቅሉ ተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ከምሰሶው።
መ. ዋናውን አብሩና የአርሲዲውን (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን ወዲያው የሚቆርጠውን ማብሪያ) የመሞከሪያ ቁልፍ ተጫኑ። መውረድ አለበት። በ30 ሚሊአምፔር የሚወርደው ይህ ዕቃ ነው ማሞቂያው ቢበሳና ውኃ ቢፈስበት ሕይወታችሁን የሚያተርፈው። ካልወረደ ማሞቂያውን አታብሩ።
ሠ. የሶኬት መሞከሪያውን ሰክታችሁ መብራቶቹን አንብቡ።

መሞከሪያው በተለይ የሚጠቅመው ከእንግሊዝ ውጭ ነው። እዚያ ሁለቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች (ላይቭና ኒውትራል) ተገለባብጠው ሊመጡ ይችላሉ። ዕቃው እንደተለመደው ይሠራል፤ በማብሪያ ማጥፊያው ብታጠፉት ግን መብራቱ እስከ ማሞቂያው ድረስ እንዳለ ይቆያል። መስመሩ እስኪስተካከል አትጠቀሙበት። ሁልጊዜም ጠፍቷል የምትሉት ስፒናውን ስትነቅሉ ብቻ ይሁን።

10. የመጀመሪያው ምሽት

ምንጣፉን መልሱ፣ ቴርሞሜትሩን በምንጣፉና በማሞቂያው መሐል አስገቡ፣ ዝቅተኛው ላይ አብሩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እዩ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግማችሁ እዩ። ቪኒል (ፕላስቲክ) ወለል ላይ ከሆነ የወለሉ ሙቀት ከ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ የቪኒል አምራቾች ይመክራሉ። ከዚያ በላይ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ቀለሙ ይቀየራል፣ ሙጫውም ይላቀቃል። ፎሙ ከታች ስላለ ወለሉ ራሱ ከማሞቂያው ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ቴርሞሜትሩን አንድ ጊዜ ከፎሙ ሥርም አስገብታችሁ ለኩ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ነው። ከመቀመጣችሁ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ አብሩት። ስትተኙ ንቀሉት፤ አልጋ ላይ ያለ እግር ወለል አይፈልግም። ከካራቫኑ ስትወጡም ንቀሉ። ለአሥር ሰዓት ብታበሩት 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በቆጣሪ በሚያስከፍል ሳይት እንኳ ኪስ አይጎዳም።

የምር ማስጠንቀቂያ

*ፍራሽ አታንጥፉበት።* እንግዳ ሲበዛ ልጆቹን መሬት ማስተኛት የኛ ወግ ነው። ማሞቂያው ላይ ግን ፍራሽ፣ ትራስ፣ ሻንጣ ወይም የልብስ ክምር ሲቀመጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። በካሬ ሜትር 120 ዋት ትንሽ የሚመስለው ሙቀቱ ወደ ክፍሉ እየወጣ ሳለ ነው። ልጆች እዚያ የሚተኙ ከሆነ ስፒናው ይነቀል።

*ሊጥም እንዲሁ።* ሞቃት ወለል ያየ ሰው ሁሉ ቡሃቃውን ወይም የሊጥ ባልዲውን እዚያ ማስቀመጥ ያምረዋል። ጠፍጣፋ ቂጥ ያለው ከባድ ዕቃ ያው ፍራሽ ማለት ነው። ሊጡ በሂተሩ አጠገብ ይቀመጥ፤ ይቦካል፣ አትጨነቁ።

*ረከቦትና በርጩማ።* ረከቦቱን ከማሞቂያው ውጭ አድርጉ። ቀጭን የበርጩማ እግር የአንድን ሰው ሙሉ ክብደት በአንዲት ነጥብ ላይ ያሳርፋል፤ ስስ ሽፋን የሚበሳው እንዲህ ነው። ስቶቩም መደርደሪያ ላይ እንጂ ምንጣፍ ላይ አይጣድ።

*ከሰል በፍጹም።* ለዕጣንም ሆነ ለጀበና ካራቫን ውስጥ ከሰል አይነድም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ በጠባብ ቦታ ቶሎ ይገድላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ከሌላችሁ ከማሞቂያው በፊት እሱን ግዙ።

*ኦኒንግ የሚሉት የጎን ድንኳን ውስጥ አትዘርጉት።* ሣር እርጥብ ነው። ለደረቅ ወለል የተሠራ ማሞቂያ ለዚያ አልታሰበም።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

በባትሪ ለማሠራት መሞከር። ሒሳቡ አይወጣም። 120 ዋት በ12 ቮልት 10 አምፔር ነው። በስምንት ሰዓት 80 አምፔር ሰዓት ይበላል። 110 የሚል የተለመደ የእርሳስ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጣችሁ ግማሹን፣ 55 ገደማ ነው። ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ 230 ቮልት የሚቀይር ዕቃ) ብትጨምሩ በመንገድ የሚባክን ስላለ ይብሳል።

ሂተሩን አጥፍቶ ወለሉን ብቻ ማብራት። ወለሉ ለብ ይላል፣ መስኮቱ ውኃ ያንጠባጥባል፣ ቧንቧው ይቀዘቅዛል። ከዚያ «ዕቃው አይሠራም» ተብሎ ይደወልልኛል።

ቴርሞስታቱን እስከ መጨረሻው ማዞር። ቶሎ አያሞቅም። ማሞቂያው የሚሰጠው ዋት ያው ነው፤ የሚለወጠው የሚቆምበት ሙቀት ነው።

አርሲዲው ሲወርድ ደጋግሞ ማንሣት። አርሲዲ ያለ ምክንያት አይወርድም። ሁሉንም ነቅላችሁ አንድ በአንድ ሰኩ። ማሞቂያው ሲሰካ ከወረደ ማሞቂያው ሞቷል፤ በፕላስተር አይጠገንም።

11. ስትጓዙና ስታስቀምጡት

ከመጎተታችሁ በፊት ንቀሉት። ረጅም መንገድ ከሆነ አንሡት፤ በጉዞ ላይ የሚንሸራተት ሳጥን ወይም የውኃ ጋሎን ጠርዙ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ክብደቱ ጥቂት ኪሎ ቢሆንም ከተፈቀደላችሁ የጭነት ልክ ላይ ቁጠሩት፤ የብዙ ካራቫን የጭነት ልክ ከ150 ኪሎ ብዙም አያልፍም፣ ድስትና ምግብ ደግሞ ሳናስበው ይሞላዋል።

ካነሣችሁት በኋላ እስኪበርድ ጠብቁ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ በካርቶን ቱቦ ወይም በወፍራም ጥቅል ላይ ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። አይታጠፍ። እጥፋቱ ላይ ያለው መስመር ይሰበርና በሚቀጥለው ብርድ ስታበሩት እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ይግላል። ሽቦውን ለብቻው ጠቅልሉት፣ በላዩ ምንም አትጫኑ። በሚቀጥለው ጊዜ ስታወጡት ደረጃ 6ን እንደገና ሥሩ፤ በመዳፍ ዳስሱት።